ዳራና ዳራራ

ዝናቡ የጀመረው ሌሊት ነበር። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ፣ ቀጥሎ እንደሚበተን ጥሬ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያም ሌላ ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ ወረደ። የካቲት ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ጅማ ለሳምንታት እንዲህ ያለ ዝናብ አላየችም ነበር። መብራት ሳላበራ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። የራሰ አፈር ሽታ ገባ። ሲነጋ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ አንድ ነጥብ አደረግኩ። ከዚያች ነጥብ ተነሥቼ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ግፋ ቢል አሥር ቀን ቆጥሬ የምደርስበት ማለዳ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ እንዲያመልጠኝ የማልፈልገው ነው።

ቡና እንዲህ ያለ ተክል ነው። በበጋው ወራት እንቡጦቹን በየቅጠሉ ብብት ቋጥሮ ይይዛል፤ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ፣ አረንጓዴ፣ ዝም ያሉ እንቡጦች። ድርቁ ሲበረታ አይከፈቱም፤ ይጠብቃሉ። አንድ ጥሩ ዝናብ ሲያገኛቸው ይነቃሉ። በቀናት ውስጥ ይረዝማሉ፣ ይነጣሉ፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ይላሉ፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ጓሮው በሙሉ፣ የጎረቤቱም፣ የማዶው ተዳፋትም በአንድነት ነጭ ሆኖ ይነጋል። ሽታው የጠምበለልን ይመስላል፤ መንገድ ላይ ሳሉ፣ ገና ዛፉ ሳይታይ ይደርሳል። በሁለተኛው ቀን አበባው መዛል ይጀምራል። ከዚያ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ይረግፋል። የቀረውን ሁሉም ያውቃል፤ ፍሬው ወራት ፈጅቶ ይቀላል፣ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል። ጅማ ስለ ቡና ብዙ ታወራለች፤ ስለ ዋጋው፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ በሽታው። አበባው ግን ማንም ሳያወራለት ያልፋል።

የዕለት እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ ነው። ጥር ላይ ፍላሼ አይቀዘቅዝም፤ ከሙሽራ ቤት ወደ መናፈሻ፣ ከመናፈሻ ወደ አዳራሽ ስንሮጥ ባትሪው ያልቃል፣ እኔም አልቃለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የክርስቲያኑ ሠርግ ይቆማል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም በዚያው ሰሞን ስለሚውል ከተማዋ በአንድ ጊዜ ጸጥ ትላለች፤ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ይቀመጣል። ቡናው የሚያብበው በዚህ መሐል ነው። ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንም ሳይከፍለኝ ካሜራዬን ይዤ የምወጣው ያኔ ብቻ ነው፤ እንዲህ የምሳሳለትም ለዚህ ይሆናል።

ጥቁር ዳራን፣ አበባን ከኋላው ምንም ሳይታይ በጥቁር ላይ ማንሣትን፣ ያስተማረኝ ፍላሽ አይደለም፤ የእናቴ ማድ ቤት ነው። እናቴ ከማድ ቤቷ በር አጠገብ እንሶስላ ተክላ ነበር። እንሶስላን የሚያውቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥሩን ነው የሚያውቀው፤ ሴቶች ለበዓል እጃቸውንና እግራቸውን የሚያቀልሙበትን ሥር። አበባውን ቀርቦ ያየ ጥቂት ነው። ነጭ ነው፣ ሰፋፊ የአበባ ቅጠሎች አሉት፣ ጉሮሮው ላይ ደም የነካው የሚመስል ሐምራዊ ጭረት አለበት፤ ከኋላው ደግሞ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወደ ታች የተቀለበሰ ጅራት ይወርዳል። አንድ የመስከረም ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ በቀጥታ አበባው ላይ አረፈ። ከአበባው ጀርባ የነበረው የማድ ቤቱ የተከፈተ በር ነው። ውስጡ ዘመን ያስቆጠረ ጥላሸት የለበሰ ግድግዳ ነው።

አነሣሁት። ፎቶው ላይ በሩም፣ ምጣዱም፣ የቆመው ጀበናም የሉም። አንድ ነጭ አበባ በጥቁር ላይ ቆሟል፤ ጅራቱ ከነመታጠፉ ይታያል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ስስ ጸጉር ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ በዓይኔ የማድ ቤቱን ውስጥ አጥርቼ አይ ነበር፤ ምጣዱን አየዋለሁ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ እሳት ስታራግብ አያታለሁ። ካሜራው ግን እንደ ዓይን ሁለቱን ችሎ መያዝ አልቻለም። ለነጩ አበባ የሚበቃውን ያህል ብርሃን ብቻ እንዲቀበል ሲታዘዝ ማድ ቤቱን ለቀቀው። ጥቁሩን ማንም አልጨመረውም። የተለቀቀው ነገር ነው ጥቁር የሆነው።

ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ አልወጣልኝም። በልጅነቴ ጅማ ውስጥ እንነሣባቸው የነበሩት ፎቶ ቤቶች ከኋላችን ሥዕል ይዘረጉልን ነበር፤ ፏፏቴ፣ ድልድይ፣ አንዳንዴም አውሮፕላን። ሰው ካልሄደበት ቦታ ጋር ይነሣል። እኔ አሁን የማደርገው የዚያን ተቃራኒ ነው፤ አበባውን ካለበት ቦታ አውጥቼ ምንም በሌለበት አቆመዋለሁ። ያን ጊዜ ይህን እንደ ጥያቄ አላየሁትም። ቆይቶ አንዲት እናት ጠየቁኝ፤ እመጣበታለሁ።

የማድ ቤት በር ከአበባ ሁሉ ጀርባ አይገኝም። ስለዚህ ያን የብርሃን ልዩነት ራሴ መሥራት መማር ነበረብኝ፤ ፍላሽ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከቤት ውጭ፣ በጠራራ ቀን፣ ፀሐይ እያለች ፍላሽ ማብራት ለሚያየኝ ሰው ትርጉም አይሰጥም። ባጃጅ ነጂዎች ቆመው «መብራቱ ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ብጽፈው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም እኔ ስጀምር በአማርኛ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በእንዲህ ያለ ፎቶ ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ። አንዱ የቀኑ ነው፤ ሁሉም ቦታ ያለ፣ የማይቋረጥ። ሌላው የፍላሹ ነው፤ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚያልፍ። የካሜራው መዝጊያ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት የቀኑ ብርሃን ይጠራቀማል፣ ለአጭር ጊዜ ሲከፈት ይቀንሳል። የፍላሹ ግን አይጨምርም አይቀንስም፤ መዝጊያው ክፍት በሆነባት ቅጽበት መጥቶ ሄዷል። ሁለቱን ብርሃን ለየብቻ የማዘው በዚህች ልዩነት ነው። የመዝጊያው ፍጥነት የቀኑን ይገዛል፤ የፍላሹ ኃይልና ርቀት የፍላሹን። የሌንሱ ቀዳዳ ሁለቱን በአንድነት ያጠባል ወይም ያሰፋል።

ቡና ጥላ ሥር የማስተካክለው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ f/11፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/200 ሰከንድ ነው። ፍላሹን ሳላበራ በዚህ ልክ ባነሣ ፎቶው ጥቁር ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ እንዲሁ አነሣለሁ። ጥቁርነቱን ካየሁ በኋላ ነው ፍላሹን የምጠራው። ፍጥነቱን ከ1/200 አብልጬ ዳራውን ይበልጥ ላጠቁር ብል ደግሞ ካሜራው አይፈቅድልኝም፤ የአብዛኞቹ ካሜራዎች ወሰን 1/200 ወይም 1/250 ነው። ከዚያ በላይ የሚዘጋው የመዝጊያው ሁለተኛ መጋረጃ ፍላሹ ሲበራ መውረድ ስለሚጀምር በፎቶው አንድ ወገን ጥቁር ጥብጣብ ይሠራል። ወሰኑን የሚያልፍ የፍላሽ አሠራር ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ኃይላቸው ግን በጣም ስለሚቀንስ እኔ አልጠቀምባቸውም። ጥላ መፈለግ ይሻለኛል።

ሁለተኛው ምሥጢር ርቀት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የሚገርመኝም እሱ ነው። ከፍላሽ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍላሹን ከአበባው 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ብይዘው፣ ከፍላሹ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ቅጠል አበባው ያገኘውን ሩብ ያገኛል። አንድ ሜትር ላይ ያለው ግንድ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ሁለት ሜትር ላይ ያለው አጥር አንድ ስልሳ አራተኛ። ማለት ፍላሹን ወደ አበባው ባስጠጋሁ ቁጥር ዓለም ከኋላ ይሸሻል። ብዙ ጀማሪ ብርሃኑ እንዳይበዛበት ፈርቶ ፍላሹን ያርቃል፤ ያኔ አበባውም አጥሩም በተቀራራቢ መጠን ይበራሉ፣ ሥዕሉም ይሞታል። መቅረብ ነው። ቀርቦ ኃይሉን መቀነስ። እኔ ከሙሉ ኃይሉ 1/32 ወይም 1/64 ላይ አደርገዋለሁ፤ ኃይሉ ሲያንስ ብልጭታውም ይበልጥ ስለሚያጥር ነፋስ የሚያወዛውዘውን አበባ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

እንዲህ ቀርቦ የተያዘ ፍላሽ ግን ባዶውን ከሆነ ጨካኝ ነው። የአሮጌ ወንፊት ክፈፍ አለኝ፤ መረቡ ተቀዶ የተጣለ። በላዩ ላይ ያረጀ የእናቴን ነጠላ በአንድ ድርብ ወጥሬ ሰፋሁት። ፍላሹን በዚያ በኩል ሳሳልፈው ብርሃኑ ሰፍቶ፣ ለስልሶ ይወጣል፤ ከገበያ የሚገዛውን አልተመኘሁም። ይህን በአንድ እጄ ከአበባው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላው አድርጌ እይዘዋለሁ። ከፊት የመጣ ብርሃን አበባን እንደ ወረቀት ያነጥፈዋል። ከጎንና ከኋላ ሲመጣ ግን በአበባው ቅጠል ውስጥ ያልፋል።

የቡና አበባን በዚህ መንገድ ያየሁበትን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። አምስት የአበባ ቅጠል አለው፤ ከሥሩ በቀጭን ቱቦ የተያያዙ፣ ጫፋቸው ወደ ውጭ የተቀለበሰ። ነጭ እንላለን እንጂ ነጩ አንድ ዓይነት አይደለም። መሐሉ ላይ ወተት ነው፤ ጠርዙ ላይ ብርሃን ሲያልፍበት ውሃ ያህል ይሳሳል፤ በቅጠሉ ርዝመት ከክር የቀጠኑ ሥሮች ይወርዳሉ። አምስቱ ወንዴዎች በቅጠሎቹ መሐል ወጥተው ቆመዋል፣ ከመሐከላቸው ደግሞ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀች አንዲት ቀጭን እንስት ወጥታለች፤ እንደ ርግብ ግልገል አፏን የከፈተች ትመስላለች። በአንዱ ወንዴ ላይ ቢጫ ዱቄት ነበር፤ ጥቂቱ ረግፎ ነጩ ላይ አርፏል። ይህን ሁሉ ለሰላሳ ዓመት በየደጁ ሳልፈው ኖሬአለሁ። በአረንጓዴ ላይ፣ በአጥር ላይ፣ በተሰጣ ልብስ ላይ ዓይን አይለየውም። ጥቁሩ ሲመጣ ሌላ የሚያዩት ነገር ስለሌለ ያዩታል።

ነጭን በጥቁር ላይ ማንሣት ግን ወጥመድ አለው፤ የመጀመሪያውን ዓመት የበላኝ እሱ ነው። ካሜራው አብዛኛው ጥቁር የሆነ ነገር ሲያይ ብርሃን ያነሰ ይመስለዋል፤ ፍላሹን በራሱ እንዲመጥን ከተውከው ይጨምራል። እኔ ትቼው ነበር። በዚያ ላይ ፎቶዎቹን የመረመርኩት በጠራራ ፀሐይ፣ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ነው፤ ሁሉም ደማቅና ውብ መስለውኝ ነበር። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው ቅጠሎቹ ተቃጥለዋል። ነጭ ጉድጓድ ሆነዋል፤ ያ የወተቱና የውሃው ልዩነት፣ ክሮቹ፣ የረገፈው ዱቄት፣ አንዱም የለም። የጠፋ ነጭ በምንም መንገድ አይመለስም። በማግሥቱ የሰው ሥራ ይዞኝ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስሮጥ ስደርስ መሬቱ ላይ ቡናማ ምንጣፍ ተነጥፏል። አንድ ዓመት ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ ፍላሹን በእጄ እመጥናለሁ፤ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ ሳላይ ቦታዬን አልለቅም፤ ነጩም ከሚገባው ትንሽ ጠቆር ብሎ እንዲቀር አደርጋለሁ።

ሌሎች መንገዶችንም ሞክሬአለሁ። ከሒርማታ ገበያ ሁለት ሜትር ጥቁር ከፋይ ገዝቼ ከአበባው ኋላ የጎረቤት ልጅ አስይዤ አነሣሁ። ከፋይ ብርሃን ይውጣል፤ ለዚህ ሥራ የሚስማማ ጨርቅ ነው፤ ፎቶዎቹም ንጹሕ ነበሩ። ግን ውጭ የተነሡ አይመስሉም፤ አበባው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። አሁን የምጠቀምበት ከኋላ ሰማይ የሚታይበት ቀዳዳ ሲኖርና ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው። በኮምፒውተር ዳራውን ማጥቆርን ግን አልወደውም፤ ይህን ሳልሸሽግ እላለሁ። ኮምፒውተሩ የአበባውን ጠርዝ ሲቆርጥ መጀመሪያ የሚያጠፋው ያን ስስ ጸጉርና ዱቄቱን ነው፤ ማለትም ተንበርክኬ ያገኘሁትን ነገር። በአበባ ላይ ውሃ ረጭቶ ጤዛ ነው ማለትንም አልቀበልም። ጅማ ጤዛ አጥታ አታውቅም፤ ማልዶ መነሣት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ቅርንጫፍ አይሰበርም። ለፎቶ እንዲመች ብሎ ቅርንጫፍ የሚያጎብጥ፣ የሚቆርጥ አይቻለሁ። ሌላ አበባ ሲሆን አበባ ነው የጠፋው። ቡና ሲሆን ግን እያንዳንዷ አበባ ሁለት ፍሬ ቡና ናት፤ አንዲት ቅርንጫፍ የአንድ ቤት ስንት ስኒ እንደሆነች ባለቤቷ ያውቃል። እኔ ነኝ ወደ አበባው መታጠፍ ያለብኝ።

አሁን ወደ እኚያ እናት ልምጣ።

ወደ ጅረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው መንገድ ዳር ጓሯቸው አለ። ሰፊ አይደለም፤ አሮጌ የቡና ዛፎች ናቸው፣ ከላያቸው ላይ አንድ ትልቅ ሰሳ ክንፉን ዘርግቷል፤ በኦሮምኛ ሙካ አርባ የሚሉት ዛፍ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ጥላዋ ድፍን ነው። ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳና ባሉበት የቡና ጓሮ ውስጥ ቀትር ላይ እንኳ ከውጭው ብርሃን ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው ያለው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ጥቁሩ እዚያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ፈቃድ ጠይቄ ገባሁ። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ወንፊቱን ያዘችልኝ። ከሰዓት በኋላ ካሜራውን ይዤ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና አሳየኋቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ዳራራዬን ለምን ሌሊት አደረግኸው ልጄ?» አሉኝ።

እማማ አማርኛ ሲናገሩ የሚወዱትን ነገር በኦሮምኛ ነው የሚጠሩት፤ ዳራራ አበባ ማለት ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስለ ዳራ ሳስብ ውዬ ስለነበር ቃሉ ጆሮዬ ላይ ቆመ። በአንዱ ቋንቋ ከኋላ ያለው፣ በሌላው ከፊት ያለው፤ በአንዲት ፊደል ብቻ ተለያይተው።

«ሌሊት አይደለም እማማ፤ አሁን እርስዎ እያዩኝ ያነሣሁት ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ጓሮዬ የት ሄደ?»

«ይኼ ጥቁሩ ነው ጓሮዎ። የሰሳው ጥላ ነው።»

«ጥላውን አየሁት» አሉ። «ሰሳውስ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ቀጠሉ። ሰሳውን ባለቤታቸው ናቸው የተከሉት፤ ሲተክሉት ከጉልበታቸው በታች ነበር። ያ ዛፍ ባይኖር የበጋው ፀሐይ ቡናውን እንዴት እንደሚያቃጥለው፣ እንቡጡም እስከ ዝናቡ ላይቆይ እንደሚችል በጣታቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። በቁጣ አልተናገሩም። አንድ ነገር እንደጎደለ ብቻ አሳዩኝ፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ በተነሣው ፎቶ ላይ አንዱ ከዳር ተቆርጦ ሲወጣ እንደሚያሳዩት።

ወደ ቤት ስመለስ ይህ አልለቀቀኝም። ጥቁር ዳራ አበባውን ያስከብራል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ያን የተሰነጠቀች እንስት፣ ያን ዱቄት በሌላ መንገድ ሰው እንዲያየው ማድረግ አልችልም። ግን ከዚህ ቀደም ስለ ጥቁሩ የማስበው እንደ ባዶ ነገር ነበር፤ እኔ እንደሠራሁት፣ የእኔ እንደሆነ። ለካ የማጠፋው ነገር ስም አለው። ቆርቆሮ አጥርና የተሰጣ ካልሲ ሲሆን ማጥፋት ቀላል ነው። የሞተ ሰው የተከለው ዛፍ ሲሆን ግን ምን ያህል እንደማጠፋ መወሰን አለብኝ፤ ያን ውሳኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ 1/200 ላይ አስቀምጬ ረስቼው ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተመለስኩ። የአበባው ሁለተኛና የመጨረሻ ጥሩ ጠዋት ነበር። ፍላሹን እንደነበረ ተውኩት፤ ቀዳዳውንም አልነካሁም። የነካሁት ፍጥነቱን ብቻ ነው። ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠብቄ በ1/200 አንድ አነሣሁ፤ ድፍን ጥቁር። በ1/100፤ ከኋላ የሆነ ነገር እንዳለ ይጠረጠራል። በ1/50፤ ሰሳው ወጣ። አልበራም፤ ወጣ። ግንዱ ከጥቁሩ ትንሽ የነጣ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ላባ የተደረደሩት ትንንሽ ቅጠሎቹ፣ ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ ዓይኑ ሲለምድ ቀስ በቀስ እንደሚያየው ዓይነት። አበባው ላይ ያለው የፍላሽ ብርሃን አንዲት ቅንጣት አልተለወጠም። ነጩም፣ ክሩም፣ ዱቄቱም ቦታቸው ላይ ናቸው።

ይህ ዋጋ ያስከፍላል። በ1/50 ነፋስ ሲመጣ የቀኑ ብርሃን የአበባውን እንቅስቃሴ ይመዘግባል፤ በጠርዙ ላይ ጥላ የሚመስል ድርብ መስመር ይሠራል። ስለዚህ ትንፋሽ የማይሰማበትን ቅጽበት መጠበቅ ነው። ከፍላሹ ጋር ሆኜ አንድ አበባ ፊት ሃያ ደቂቃ ተንበርክኬ ቆየሁ። ልጅቷ ወንፊቱን ይዛ እጇ ሲዝል በሌላው ትቀይራለች። ንብ መጣች፣ ሄደች። ሰሳው ላይ ጉሬዛ ይሁን ወፍ አላውቅም፣ አንድ ነገር ቅርንጫፍ አወዛወዘ። ከዚያ ሁሉም ቆመ፤ ያኔ ተጫንኩት።

ሁለቱንም አሳተምኳቸው፤ ድፍን ጥቁሩንና ሰሳው ያለበትን። በእኔ ግምት እማማ የሚወስዱት ሁለተኛውን ነው፤ ለእሳቸው ብዬም ነው የሠራሁት። ስወስድላቸው ጥቅምት ሆኖ ነበር፤ ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ ግቢው ውስጥ የለቀማ ቅርጫት ተደርድሯል። መነጽራቸውን አስመጥተው ሁለቱን ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን አደረጉ። ሰሳው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከግንዱ ጀምረው ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄዱበት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ ዱዓ ይመስለኛል።

ከዚያ እሱን ወደ ልጅቷ ዘረጉት። «ይኼ ለአጎትሽ ነው፤ አዲስ አበባ ይላክ» አሏት። ድፍን ጥቁሩን ለራሳቸው አስቀሩት።

ግራ ገብቶኝ ጠየቅኳቸው። ሰሳው ያለበትን እኮ ለእርስዎ ነው ያመጣሁት አልኩ።

«ሰሳውን እኔ በየጠዋቱ አየዋለሁ» አሉ። «የረሳው እሱ ነው። እኔ ያላየሁት ዳራራውን ነው፤ ስለቅመው ኖርኩ እንጂ መች ቀርቤ አየሁት።»

ሚስማር ተፈለገ። ልጅቷ በሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነበር፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋልና ወደ ጓዳው በኩል፣ ብርሃን ወደማይደርስበት ግድግዳ እናድርገው አልኳት። መታሁት። ቡና ተፈልቶ አቦሉን ስንጠጣ በረንዳው ላይ ከተቀመጥኩበት ወደ ውስጥ አየሁ። ከዚያ ሆኖ ክፈፉም ግድግዳውም አይለዩም፤ ነጩ ብቻ ነው የሚታየው።